ያውቁ ኖሯል? ፀሐይን በካርቶን የሚያጠምዱ ትንንሽ እጆች

የሲሊከን ሶላር ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሲታይ ያንቀሳቀሰው ፋብሪካ አልነበረም፤ የልጆች መጫወቻ ነበር! እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1954 የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ፤ በመዝናኛ ሥፍራ ሰው የሚሳፈርበትን ትልቅ ሽክርክሪት በትንሹ ሠርተው ከሶላሩ ጋር አገናኙት። ብርሃን ሲያርፍበት ዞረ! በማግስቱ ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ይዞት ወጣ!

ያንን ታሪካዊ ትዕይንት ዛሬ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በእረፍት ሰዓት ሊደግመው ይችላል! ከተበላሸ የሶላር ፋኖስ የተነቀለ ፓኔል፣ ከአሮጌ መጫወቻ መኪና የወጣ ሞተር፣ ሁለት ሽቦ። በቃ! ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ይሽከረከራል፣ በመዳፍ ሲሸፍኑት ይቆማል። ሽቦዎቹን ቢያቀያይሩስ? ወደ ኋላ ይዞራል!

ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚወልድ መጀመሪያ ያየው ሰው ስንት ዓመቱ ነበር ይላሉ? 19! ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤኬሬል እ.ኤ.አ. በ1839 በአባቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ በፈሳሽ የተነከሩ ብረቶችን ብርሃን ሲያሳያቸው ኤሌክትሪክ ፈሰሰ። ምሥጢሩን ዓለም በቅጡ እስኪረዳው ከስልሳ ዓመት በላይ ፈጀ!

ያንን ምሥጢር የፈታው ደግሞ አልበርት አንስታይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905። የ1921 የኖቤል ሽልማቱን ያገኘውም ስሙን ከፍ ባደረገው በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በዋናነት ስለ ብርሃንና ኤሌክትሮን በጻፈው ነው! የአራተኛ ክፍሉ ተማሪ ሞተር የኖቤል ሽልማት ሥራ ላይ ነው ማለት ነው!

አሁን ያስደንቅዎት! አንዲት የሲሊከን ሴል ጥፍር ብታክልም፣ የደብተር ሽፋን ብታክልም ቮልቷ ያው ነው! በጠራ ፀሐይ ግማሽ ቮልት ወይም ጥቂት አለፍ ያለ። በስፋት የሚጨምረው የኤሌክትሪኩ ብዛት ነው እንጂ ግፊቱ አይደለም። ልጆች ይህን በቴስተር ሲለኩ ቁጥሩን ለማመን ሦስት አራት ጊዜ ይለካሉ፤ እውነታቸውን ነው!

ጣሪያ ላይ የሚያዩትን ፓኔል አራት ማዕዘኖች ቆጥረው ያውቃሉ? ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት በተሠራው የተለመደ ፓኔል ላይ 36 ያገኛሉ! ሁሉም ግማሽ ግማሽ ቮልታቸውን አዋጥተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል።

እጅ ለእጅ መያያዝ ግን ጣጣ አለው! አንዷን ሴል ብቻ በቅጠል ይሸፍኗት። ከትንሽ ፓኔል ላይ የጠፋው አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ብቻ ይመስልዎታል? ሞተሩ ጨርሶ ሊቆም ይችላል! በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትታፈን መንገዱ ለሁሉም ይዘጋል። አንዲት ቅጠል!

ሶላር ሙቀት አይወድም! አዎ፣ በትክክል አንብበዋል። የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከኃይሉ ወደ 0.4 በመቶ ያጣል። ፀሐይ ላይ የሰነበተች ትንሽ ፓኔል ጀርባ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያሳርፉና የቴስተሩን ቁጥር ይመልከቱ። ሽቅብ ይወጣል! ቀዝቃዛና ብሩህ ከሆነው የደጋ ጠዋት ይልቅ በረሃ ይሻላል ብለው ለነበሩ ሁሉ ትልቅ ዜና ነው!

የከረሜላ መጠቅለያ ይሰብስቡ! ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን ተራ በተራ ፓኔሉ ላይ ያልብሱ። ሞተሩ በየትኛው ይፈጥናል? ብዙ ጊዜ በቀዩ! ሲሊከን ከሰማያዊው ይልቅ ወደ ቀዩና ዓይናችን ወደማያየው ከቀይ ማዶ ወዳለው ብርሃን ያደላል።

ጠቋሚ መብራት ሆና የምታገለግለው ትንሿ ኤልኢዲ አምፖል ራሷ ሶላር መሆኗን ያውቁ ኖሯል? ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ታበራለች፤ ብርሃን ሲሰጧት ደግሞ ኤሌክትሪክ ትመልሳለች! ቀይዋን ኤልኢዲ ወደ ፀሐይ አዙረው እግሮቿን በቴስተር ቢነኩ ከአንድ ቮልት በላይ ያነባሉ። ከአንድ የሶላር ሴል ትበልጣለች! ሞተር ለማዞር ግን አቅም የላትም፤ የምትሰጠው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩ ወዲያም ወዲህም ይሄዳል! ለሶላር ፓኔል ኤሌክትሪክ ቢሰጡት እሱም ያበራል! ብርሃኑን ዓይናችን አያየውም እንጂ ልዩ ካሜራ ያየዋል፤ ፋብሪካዎች በፓኔል ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚያድኑት በዚሁ ዘዴ ነው።

አሁን ቁጭ ይበሉ! ከእንጆሪ ጭማቂ ሶላር ይሠራል! የጥርስ ሳሙናንና የግድግዳ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ዱቄት አለ። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መስታወት ላይ በስሱ ይቀባና ይጠበሳል፤ ከዚያ በቀይ እንጆሪ ጭማቂ ይነከራል። ሁለተኛው መስታወት በእርሳስ ይጠቆራል፤ አዎ፣ በጽሕፈት እርሳስ! በመካከላቸው ጥቂት ጠብታ የአዮዲን ፈሳሽ ይጨመራል፣ ሁለቱ መስታወቶች ይጣበቃሉ፣ ወደ ፀሐይ ይዞራሉ። ኤሌክትሪክ! ሚካኤል ግሬትዝልና ብራያን ኦሪጋን ይህን መሰሉን ሴል እ.ኤ.አ. በ1991 ከስዊዘርላንድ ሲያስተዋውቁ የሳይንስ ዓለም ጉድ አለ፤ ዛሬ የእንጆሪው ዓይነት በብዙ አገር የተማሪዎች ሙከራ ሆኗል። ካርካዴም ይሠራል፣ ሮማንም ይሠራል!

ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል የሰው ድምፅ በፀሐይ ጨረር ላይ አሳፍሮ ልኳል! እ.ኤ.አ. በ1880፣ በዋሽንግተን፣ ያለ ምንም ሽቦ፣ ከ200 ሜትር በላይ! ተቀባዩ ብርሃን የሚሰማው ሴሌኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ነበር። ቤል ከስልኩ ይልቅ በዚህኛው ይኮራ ነበር!

እርስዎም መሞከር ይችላሉ! ትንሽ ሶላር ሴል ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኙና የቴሌቪዥን ሪሞት አነጣጥረው ይጫኑ። ጠጠጠጥ! የማይታየውን የሪሞት ብርሃን በጆሮዎ ይሰሙታል! እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ምት አለው፤ ልጆች ይህን ሲያገኙ ሪሞቱን ከእጃቸው ማስጣል ያስቸግራል።

በጨረቃስ? የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን 400,000 ጊዜ ያህል ያንሳል! ቴስተሩ ምናልባት ቅንጣት ያሳይ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ፀሐይ ሙቀት ስትሆንስ? ስዊዘርላንዳዊው ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1767 በመስታወት የተከደነ ሳጥን ሠርቶ ፍራፍሬ አበሰለበት! ቀጥሎ የሠራው ሳጥን ከ100 ዲግሪ አለፈ። ሳጥኑን ተሸክሞ ብርዳም ተራራ ላይ ወጣ፤ የውጪው አየር ቀዘቀዘ፣ የሳጥኑ ውስጥ ግን እንዳለ ቆየ!

ያ ሳጥን ዛሬ የፒዛ ካርቶን ነው! ክዳኑ ላይ አሉሚኒየም ፎይል፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት፣ ከላይ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ። ጎኖቹን በጋዜጣ ይጠቅጥቁና ጥሩ ፀሐይ ያግኙ፤ ቸኮሌት ይቀልጣል፣ ዳቦ ይሞቃል፣ ትዕግሥት ካለ እንቁላልም ይበስላል! እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ከሰል የለም! በእኔ እምነት አንድ ልጅ ፀሐይ ምን እንደሆነች የሚያውቀው ከዚህ ሳጥን ያወጣውን ትኩስ ዳቦ ሲገምጥ ነው!

የእንቁላል ነጩ መርጋት የሚጀምረው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ 62 ገደማ ላይ ነው! የካርቶን ምድጃው ምሥጢር ይኸው ነው፤ ምግብ ለመብሰል መፍላት አይጠብቅም።

ለመሆኑ አዲስ አበባ ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ከ100 ሳይሆን ከ92 ገደማ! ከፍታው ነው ምክንያቱ። ልጆች ቴርሞሜትር ከትተው ሲያዩት መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስላቸዋል!

ውኃን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ለማዳንም መፍላት የግድ አይደለም፤ 65 ዲግሪ ላይ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ይበቃዋል! መድረሱ በምን ይታወቃል? በሰም! ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ የሚቀልጥ ሰም የያዘች ትንሽ ቱቦ ውኃው ውስጥ ትገባለች፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ታች ከወረደ ውኃው ደርሷል። ባትሪ የለው፣ ቁጥር የለው!

ካርቶኑ እንኳ ሊቀር ይችላል! ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ (ሃይላንድ) በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጋድመው በጠራ ፀሐይ 6 ሰዓት ያቆዩት። ጠርሙሱ ብርሃን አሳላፊ፣ ውኃውም የጠራ ከሆነ የፀሐይዋ ጨረር ጀርሞቹን ይፈጃቸዋል! ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ይጠብቁ። የዚህ ዘዴ ፋና ወጊዎች በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ።

ያው ጠርሙስ አምፖልም ይሆናል! ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ2002 ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ውኃና ጥቂት በረኪና ሞልቶ ጣሪያ በስቶ ከተተው። ጨለማው ክፍል ከ40 እስከ 60 ዋት አምፖል የበራበት ያህል ፈካ! በረኪናው ውኃው አረንጓዴ እንዳያበቅል ነው። ልጆች በጨለማ ካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጅተው በትንሽ ጠርሙስ ይሞክሩታል፤ በቀዳዳው አጮልቀው ሲያዩ የሚወጣውን ጩኸት መስማት ነው!

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ላይ ለሚቀሩ ወታደሮች የባሕር ውኃን በፀሐይ አጣርቶ የሚያጠጣ ዕቃ የፈለሰፈችው ሴት ናት! በሃንጋሪ የተወለደችው ማሪያ ቴልከስ። እርስዎ በጎድጓዳ ሳህን ጨው የበዛበት ውኃ ያድርጉ፣ መሃሉ ላይ ባዶ ብርጭቆ ያስቀምጡ፣ ሳህኑን በላስቲክ ሸፍነው ከብርጭቆው ትክክል ጠጠር ያሳርፉ። ማታ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ይቅመሱ። ጨው የለውም!

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተለያየ ቀለም ያላቸው ቁራጭ ጨርቆች በረዶ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ እስክትሠራ ጠበቀ። ጥቁሩ ከሁሉ በልጦ ሰመጠ፤ ነጩ ከላይ ቀረ! በረዶ ከሌለ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ይበቃሉ፤ አንዱን በጥላሸት ያጥቁሩት፣ ሁለቱንም ውኃ ይሙሏቸው፣ ቴርሞሜትሩ ይፍረድ!

ኤዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1856 የሠራችውን ይስሙ! ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎች፣ ጥቂት ቴርሞሜትሮች፣ አንድ የአየር መሳቢያ፣ ፀሐይ። ይኸው ነው ዕቃዋ! በቱቦዎቹ ውስጥ የተለያየ አየር እያደረገች ፀሐይ ላይ አቆመቻቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ከሁሉ በልጦ ጋለ፤ ከፀሐይ ካነሳችውም በኋላ ለመቀዝቀዝ እጅግ ዘገየ። እሷም ይህ አየር በምድር ላይ ቢበዛ ምድር ትሞቃለች ብላ ጻፈች! ከ160 ዓመት በላይ አልፎታል! ጽሑፏን በጉባኤው ላይ ያነበበው ግን ሌላ ሰው፣ ወንድ ነበር፤ ስሟም ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ። እያንዳንዱ የሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ላይ መኖር ነበረባት!

ዊሊያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ እያንዳንዱ ቀለም ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። አንዱን ደግሞ ከቀዩ አልፎ፣ ምንም ቀለም የሌለበት ቦታ ላይ። የትኛው በጣም ሞቀ? ምንም የሌለበት! ዓይን የማያየው ብርሃን እንዲህ ተገኘ። ሙከራው በካርቶን ሳጥን፣ በፕሪዝምና ጫፋቸው በጠቆረ ቴርሞሜትሮች ዛሬም ይሠራል!

ኦክስጅንን የገለጠችው ፀሐይ ናት! ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1774 በትልቅ አጉሊ መስታወት ጨረሯን ሰብስቦ ቀይ የሜርኩሪ ዱቄት ላይ አሳረፈው፤ ከዱቄቱ የወጣው አየር ሻማን ቦግ አደረገው!

ፀሐይ በረዶ ትሠራለች! ፈረንሳዊው የሒሳብ አስተማሪ ኦግስተን ሙሾ እ.ኤ.አ. በ1878 በፓሪስ ትልቁ ኤግዚቢሽን ላይ በግዙፍ መስታወት የሰበሰበውን ሙቀት ተጠቅሞ ውኃ አጋገረ። ከእሳታማ ጨረር በረዶ!

የዓባይ ውኃም በፀሐይ ተስቧል! እ.ኤ.አ. በ1913፣ ካይሮ አጠገብ ማዓዲ ላይ፣ የአሜሪካዊው ፍራንክ ሹማን ረጃጅም የመስታወት ገንዳዎች እንፋሎት አፍልተው በደቂቃ ከ22,000 ሊትር በላይ ውኃ ወደ እርሻ አፈሰሱ። ብዙ ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሥራው ተቋረጠ።

ለንደን ውስጥ አንድ ሕንፃ መኪና አቅልጧል! እ.ኤ.አ. በ2013 በግንባታ ላይ የነበረው ባለ መስታወት ሕንፃ ፊቱ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ስለነበር የፀሐይን ጨረር መንገድ ላይ አጠራቀመው። የቆመች ጃጓር መኪና የፕላስቲክ ክፍሎቿ ተጣመሙ፤ አንድ ጋዜጠኛ እዚያው አስፋልት ላይ እንቁላል ጠበሰ! ማንኪያን በጀርባና በፊት እያዩ የብርሃን ነገር ለሚማሩ ልጆች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

በደቡብ ፈረንሳይ ኦዴዮ ያለው የፀሐይ ምድጃ ደግሞ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል! ብረት ውኃ ይሆናል!

ፀሐይን በዓይን ማየት ክልክል ነው፤ በአጉሊ መነጽር ማየት ደግሞ ዓይን ያጠፋል! ግን ምስሏን ማየት ይቻላል። ወንፊት ወይም በመርፌ የተበሳ ካርቶን ወደ ፀሐይ ይያዙና መሬቱን ይመልከቱ፤ ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ቢሆን እንኳ ራቅ ሲያደርጉት የሚያርፈው ብርሃን ክብ ነው! ክቡ የፀሐይ ምስል ነዋ! ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን ሁሉ መሬት ላይ ቀለበት ሆኖ ነበር የሚያርፈው!

ጥቁር ላስቲክ ብቻውን ይበራል! ስስ የቆሻሻ ፌስታሎችን በፕላስተር አያይዘው ረጅም ቱቦ ያድርጓቸው፣ በቀዝቃዛ ጠዋት አየር ይሙሏቸው፣ አፉን ይሰሩና በሲባጎ አጥብቀው ይያዙ። ፀሐይ ውስጡን ስታሞቀው ተነስቶ ይሄዳል! ያለ ጋዝ፣ ያለ እሳት! እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 አርጀንቲና ውስጥ አንዲት አብራሪ በዚሁ ዓይነት ፊኛ፣ በፀሐይና በአየር ብቻ፣ ወደ ሰማይ ወጥታለች!

ሶላር ኢምፓልስ 2 የተባለው አውሮፕላን 17,248 የሶላር ሴሎች ተሸክሞ ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ዓለምን ዞሯል! ክንፉ 72 ሜትር፤ ከቦይንግ 747 ይሰፋል። ከጃፓን ሃዋይ ሲበር አብራሪው ብቻውን ወደ 118 ሰዓት አየር ላይ ቆየ፤ ሌሊት ሌሊት ቀን ባጠራቀመው ባትሪ!

ቫንጋርድ 1 እ.ኤ.አ. በ1958 ሶላር ይዛ ወደ ሕዋ የወጣች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። ክብደቷ 1.5 ኪሎ ገደማ፣ ሶላሮቿ 6 ብቻ! ድምፅዋ ከ1964 ወዲህ ጠፍቷል፤ እሷ ግን ዛሬም ምድርን ትዞራለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትም ኃይሏን ያገኘችው ከዚችው ከፀሐይ ነው!

ማርስ ላይ ፓኔል የሚወለውለው ማን ነው? ነፋስ! ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ሮቦት ለ90 የማርስ ቀናት ብቻ ታስባ ነበር የተላከችው፤ አቧራዋን ነፋስ እየጠረገላት እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2018 ሠራች! በክፍል ውስጥ ደግሞ ፓኔሉ ላይ አንድ ጭብጥ አቧራ ይበትኑ፣ ይለኩ፣ ይጥረጉ፣ እንደገና ይለኩ። የጣሪያ ሶላር ለምን እንደሚታጠብ ማንም ሳያስረዳ ይገባቸዋል!

በሕንድ ራጃስታን ቀን ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ማታ በሶላር ፋኖስ ይማራሉ! የማታ ትምህርት ቤቶቹን የሚከታተል የልጆች ፓርላማ አላቸው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይመርጡታል፣ ጠቅላይ ሚኒስትርም አላቸው! ጠቅላይ ሚኒስትሯም ፍየል ልትጠብቅ ትችላለች!

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችው ሊትል ሰን የተባለች የሶላር መብራት መልኳን ያገኘችው ከየት ይመስልዎታል? ከአደይ አበባ! የሠሯት አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰንና መሐንዲሱ ፍሬድሪክ ኦቴሰን ናቸው። ልጆች አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል፤ ቀን ፀሐይ ትጠጣለች፣ ማታ ደብተር ታበራለች፤ ኩራዝ ይረፍ!

ፓኔሉ ላይ ያረፈው ጨረር ከፀሐይ ፊት የተነሳው ከ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ በፊት ነው። ኃይሉ ከፀሐይ እምብርት እስከ ፊቷ ለመውጣት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ፈጅቶበታል! የአክሱም ሐውልት ከመቆሙ በፊት ጉዞ የጀመረ ኃይል ዛሬ የመጫወቻ ሞተር ያዞራል!

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ምድር ላይ የሚደርሰው የፀሐይ ኃይል የዓለም ሕዝብ በዓመት ከሚጠቀመው ኃይል ሁሉ ይበልጣል! አንድ ሰዓት ተኩል!

አሁን ዱላ ያዘጋጁ! በዓመት ሁለት ቀን አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ ጥላ የለውም! አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው፣ ሌላው በነሐሴ መገባደጃ፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ። ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው ዓመት ወደ ሰሜን! ጥላ አቅጣጫ እንደሚቀይር ልብ ብለው ያውቃሉ?

ይህ ጥላ የሚጠፋበት ቀን ደግሞ አገር ለአገር ይጓዛል! ሞያሌ ላይ መጋቢት 20 አካባቢ ይነሳል፣ አዲስ አበባን በሚያዝያ 5፣ ባሕር ዳርን በሚያዝያ 12 ገደማ ያገኛል፣ መቀሌ ሲደርስ ሚያዝያ 18 ሆኗል። አራት ሳምንት ያህል መንገድ! ከዚያ ወደ ሰሜን ገስግሶ ይመለሳል፤ መቀሌን በነሐሴ፣ ሞያሌን በመስከረም መጀመሪያ። በየከተማው ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እኩል እኩል ዱላ ተክለው፣ የየቀኑን ጥላ ለክተው፣ በስልክ ቢነጋገሩ ፀሐይን ከሞያሌ እስከ መቀሌ እግር በእግር ይከተሏታል!